እሳቱ ከፊት፣ ዓሣው ከጓዳ

ሼፉ ከምጣዱ ላይ አንዲት ሽሪምፕ በስፓቱላው ጫፍ አንስቶ ወደ እናቴ ወረወራት። እናቴ አፏን አልከፈተችም። ሽሪምፗ አገጯን ገጭታ ነጠላዋ ላይ አረፈች፤ የቅቤና የሶይ ሶስ እድፍ ትታ ወደ መሬት ወረደች። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሼፉም እየሳቀ ይቅርታ ጠየቀና ሌላ አነሳ።

«ምግብ ይወረወራል እንዴ? ያውም ሰው ላይ?» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ነጠላዋን በሶፍት እየጠረገች።

ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። የሐዋርያት ጾም ይዛለች፤ ጾም ባይሆንም ከባሕር የወጣ ነገር ከዓሣ በቀር አፏ አይገባም። ይህን ሁሉ ለአስተናጋጇ አስቀድመን ነግረናት ነበር፤ እሷም ወረቀቷ ላይ ጽፋዋለች። ወረቀቱና ሼፉ ግን የተገናኙ አይመስሉም።

ቤቱ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በጥፍር ቤትና በስልክ መሸጫ መካከል የተሸጎጠ፣ «ሂባቺ እና ሱሺ» የሚል ቀይ መብራት በሩ ላይ የሚያበራ ምግብ ቤት ነው። የእህቴ ልጅ ከሃይስኩል ተመርቃ «የት እንጋብዝሽ?» ስትባል የመረጠችው እሱን ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ለስድስት ሰው ቦታ አስይዘን የተቀመጥነው ለሁለት አሥር ጉዳይ ሲሆን ነው። እስከዚያ ባሩ ጋ ቆዩ ተባልን። የእህቴ ባል ሁለት ቢራ ጠጣ፤ ሰባት ዓመት የሆነው ታናሽዬው ደግሞ አኳሪየሙ ውስጥ ላሉት ዓሦች ሁሉ ስም አውጥቶ ጨረሰ። አዳራሹ ውስጥ ግን ባዶ ጠረጴዛ ፊት ለፊታችን ይታየን ነበር።

ከእንዲህ ዓይነት ቤት ተናዶ የሚወጣ ሰው የሚያሰማው ቅሬታ ከአንዱ ወደ ሌላው እምብዛም አይለያይም። ቦታ አስይዤ አስቆሙኝ ይላል፤ ከማላውቀው ሰው ጋር አዳበሉኝ ይላል፤ ሩዙ ጨው ብቻ ነው፣ ዶሮው መሃሉ አልበሰለም፣ ሱሺው የመጣው በልተን ከጨረስን በኋላ ነው ይላል። ጥፋቱንም በአስተናጋጇ ስንፍና ወይም በሼፉ ግዴለሽነት ያሳብባል። እኔ ግን የሰዎቹ ድካም ከምክንያቶቹ ትንሹ ይመስለኛል። ይህ ቤት እንደታቀደው በትክክል በሚሠራበት ማታም ቢሆን ከእነዚህ ቅሬታዎች ግማሾቹ አይቀሩም። ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ጀማሪው መሄድ ያስፈልጋል።

በብረት ምጣድ ላይ እንግዳ ፊት መጥበስን የጀመረው ሺገጂ ፉጂኦካ የተባለ ሰው ነው፤ ቦታው ኮቤ ከተማ፣ የቤቱ ስም ሚሶኖ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1945፣ ጃፓን ጦርነቱን የተሸነፈችበት ዓመት ነው። ከአገሬው ሰው ይልቅ ትርኢቱን የወደዱት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ጃፓኖች ይህን አበሳሰል ቴፓንያኪ ይሉታል፤ ሂባቺ በነሱ ዘንድ እጅና ቤት የሚሞቅበት የከሰል ማንደጃ ነው። አሜሪካ ሲደርስ ምጣዱ የማንደጃውን ስም ወስዶ ቀረ።

ያሻገረው ሂሮአኪ አኦኪ ነው፤ አሜሪካኖች ሮኪ ይሉት ነበር። የትግል ስፖርተኛ ነበር። ኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር ውስጥ በመኪና አይስክሬም እየዞረ ሲሸጥ፣ አይስክሬሙ ላይ ትንንሽ የወረቀት ጃንጥላ ይሰካበት ነበር ይባላል፤ የወደፊቱ ንግዱ በሙሉ እዚያች ጃንጥላ ውስጥ ነበረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባጠራቀመው ገንዘብ በ1964 በማንሃተን 56ኛ ጎዳና ላይ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ቤት ከፈተ፤ ስሙንም ከአባቱ የቶኪዮ ቡና ቤት ወስዶ ቤኒሃና አለው። መጀመሪያ ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ የምግብ ጸሐፊ ክሌመንታይን ፓድልፎርድ አመስግና ከጻፈች በኋላ ግን በሩ በሰው ተጨናነቀ።

አኦኪ ደንበኛውን አጥንቶ ነው የገባው። አሜሪካዊ እንግዳ በሆነ ቤት ውስጥ መብላት ይወዳል፤ እንግዳ የሆነ ምግብ ግን ያስፈራዋል፤ ምግቡ ሲሠራ ማየት ደግሞ ያስደስተዋል። ስለዚህ ቤቱን ከጃፓን አሮጌ ቤቶች በተለቀመ እንጨት አስጌጠው፤ ሳህኑ ላይ ግን ያቀረበው ስቴክ፣ ዶሮና ሽሪምፕ ነው። ጥሬ ዓሣ በእቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በ1972 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ስለ ቤኒሃና ለክፍል ማስተማሪያ የሚሆን ጥናት አዘጋጀ፤ የንግድ ተማሪዎች ትውልድ ተሻግረው ሲማሩበት ኖረዋል። ጥናቱን ያነበበ ሰው የሚያየው ፋብሪካ ነው። ሼፉ እንግዳው ፊት ስለሚያበስል ጓዳው ይጠብባል፤ ተራ ምግብ ቤት ከስፋቱ 30 በመቶ ያህሉን ለጓዳ ሲሰጥ ለቤኒሃና 22 በመቶ ይበቃው ነበር። የምግቡ ዓይነት ጥቂት ስለሆነ ተርፎ የሚጣል ነገር አይኖርም። አንድ ጠረጴዛ ስምንት ሰው ይይዛል፣ አንድ ሼፍ ሁለት ጠረጴዛ ያስተናግዳል። ስምንቱ አንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ ላይ ይበላሉ፣ አንድ ላይ ይነሳሉ። ሼፉ በመጨረሻ ቆቡን ይዞ እጅ ሲነሳ ያመሰግናል፤ በዚያው ቦታውን ልቀቁ ማለቱም ነው። ባሩ ደግሞ ስምንቱ እስኪሞሉ ድረስ እንግዳ የሚቀመጥበት ማቆያ ነው፤ ማቆያው ራሱ ገንዘብ ያስገባል።

የእህቴን ባል ሁለት ቢራ አሁን መረዳት ይቻላል። እኛ ስድስት ነን፤ ጠረጴዛው የስምንት ነው። ባዶ ሆኖ ይታየን የነበረው ጠረጴዛ ሁለት ሰው ይጠብቅ ነበር። ሁለቱም መጡ፤ ገና የተዋወቁ የሚመስሉ ወጣት ወንድና ሴት። ብቻቸውን ሊያወሩ የመጡት ልጆች በአንድ በኩል ነጠላ የለበሰች እናት፣ በሌላ በኩል ስልኩን ከፍ አድርጎ ቪዲዮ የሚቀርጽ ቤተሰብ መሃል ገብተው ማታውን በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ነው የበሉት። ከእኛ ይልቅ የነሱ ማታ ያሳዝነኛል።

የአኦኪ ዘዴ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሚሞላ ጠረጴዛና የሠለጠነ እጅ። የመጀመሪያዎቹ ሼፎቹ ከጃፓን የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ሦስት ዓመት ሙያውን ተምረው፣ በላዩ እንግሊዝኛና የአሜሪካን ሰው አመል ለወራት አጥንተው ነው ምጣድ ፊት የሚቆሙት። ዘዴው ሲቀዳ ጠረጴዛው ተቀዳ፣ ባሩ ተቀዳ፣ ሽንኩርት ደርድሮ እሳተ ገሞራ ማድረጉም ተቀዳ፤ ለማስመሰል አስቸጋሪ የሆነው ሦስት ዓመቱ ነው። ዛሬ በየገበያ ማዕከሉ ያሉት ቤቶች ባለቤታቸው ብዙ ጊዜ ቻይናዊ ወይም ኮሪያዊ ነው፤ ምጣዱ ላይ የሚቆመው ከሜክሲኮ፣ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከቻይና የመጣ ስደተኛ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። አሜሪካ ውስጥ በምግብ ቤት ጓዳ የሠራ ኢትዮጵያዊ የማን ምግብ በማን እጅ እንደሚበስል ጠንቅቆ ያውቃል፤ እጁ የማንም ይሁን የሚፈለገው ጊዜ ተሰጥቶት መማሩ ነው። የኛ ሼፍ ፈጣን፣ ጨዋታ አዋቂና የደከመው ሰው ነበር። ሁለቱ ጠረጴዛዎቹ በአሥር ደቂቃ ልዩነት ስለተቀመጡ እዚህ እንቁላል ቆቡ ውስጥ ሲጥል ዓይኑ እዚያ ነው።

ትርኢቱ ሙሉውን ቀረበ። ሽንኩርቱ ተደረደረ፣ ዘይት ፈሰሰበት፣ ነደደ፣ «ቹ ቹ» እየተባለ እንደ ባቡር ተገፋ። ልጁ በደስታ ወንበሩ ላይ ቆመ። እኔ ምጣዱን ነበር የማየው። የብረት ምጣድ ጥሩ ነገሩ ያጠራቀመው ሙቀት ነው፤ ጥቂት ሥጋ ሲያርፍበት ወዲያው ይይዘዋል። የስምንት ሰው ስቴክ፣ ዶሮና ሽሪምፕ ከፍሪጅ እንደወጣ በአንድ ጊዜ ሲከመርበት ግን የብረቱ ሙቀት ይወርዳል፤ ሥጋው ውሃውን ይለቃል፤ ውሃው ተንኖ እስካላለቀ ድረስ ቡናማ ቅርፊቱና የጥብስ ጠረኑ አይመጡም። ሼፉ ሁለተኛው ጠረጴዛ እየጠበቀው ስለሆነ ውሃው እስኪያልቅ አይቆምም። ያ እንፋሎት ሲያዩት ያማረ ነው፤ የሚነግርህ ግን ሥጋው እየተቀቀለ መሆኑን ነው።

ጣዕሙን የሚያመጣው ከዚህ በኋላ ጠርሙሱ ነው። ሶይ ሶስ ሁለት ዙር፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ቅቤ በማንኪያ፣ ከጎን ደግሞ በትንሽ ሳህን ሮዝ ማዮኔዝ። «ያም ያም» የሚሉት ይህ ሶስ ጃፓን ውስጥ የለም፤ አሜሪካ የተወለደ ማዮኔዝ፣ ስኳርና ፓፕሪካ ነው። አልጠላውም፤ ምንም ነገር ይጣፍጣል ያስብላል፤ ችግሩም ይኸው ነው። የልጁን ዶሮ ሶሱን ጠርገን ስንቆርጠው መሃሉ ሮዝ ነበር። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይበላም፤ ለዚህ ደግሞ ቴርሞሜትር አለ፤ ሼፉ ወገብ ላይ ግን የተሰካው ሹካና ቢላ ብቻ ነው። ምንም ሳይከራከር መልሶ ምጣዱ ላይ ጣለው፤ ሁለተኛ ሲመጣ ጫማ ሆኖ ነበር።

ስለ ውርወራው አንድ ነገር ልጨምር። በ2001 ሎንግ አይላንድ ላይ በአንድ የቤኒሃና ቅርንጫፍ አንድ እንግዳ ከተወረወረች ሽሪምፕ ሊሸሽ አንገቱን ሲመልስ ተጎዳ ተባለ፤ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አድርጎ በዚያው ዓመት ሞተ። ቤተሰቡ ከሰሰ። በ2006 ዳኞቹ የምግብ ቤቱ ጥፋት አይደለም ብለው አሰናበቱት። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔ የእናቴን ጥያቄ ለዚያ ፍርድ ቤት ባቀርበው ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ያዘዘችው አትክልት ነው፤ ዙኪኒ፣ እንጉዳይ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፤ በዘይት ብቻ፣ ሩዙም ያለ እንቁላል። ሼፉ ሲነገረው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ፤ ውሃ ምጣዱ ላይ ረጨ፣ በስፓቱላው ፋቀ፣ አንድ ጥግ ላይ ዘይት አፍስሶ አትክልቱን አወረደ። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ የእህቴ ስቴክ በቅቤ ይንጫጫል። ምጣዱ ዝንፍ ያለ መሆን አለበት፤ ቢጫ ቅቤ ቀጭን መስመር ሠርቶ ወደ ዙኪኒው ሲሄድ ሁላችንም አየነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ምጣድ ፊት የኖረች ሴት ናት፤ ከእኛ በፊት ያየችው እሷ ናት። ምንም አላለችም። ነጩን ሩዝ ብቻ በላች።

ይህን የጾመኛ ጭንቀት ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ሽሪምፕና ሸርጣን የአሜሪካ ሕግ ከሚዘረዝራቸው 9 ዋና ዋና አለርጂ አምጪ ምግቦች መካከል ናቸው። አለርጂ ያለበት ሰው ሼፉ ሽሪምፕ በነካበት ስፓቱላ የተገላበጠ ዶሮ ቢበላ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከኋላ ያለው ትንሽ ጓዳ ውስጥ በሌላ መጥበሻ ይሠራል። ግን ጠይቁ፤ ያውም ከመቀመጣችሁ በፊት፣ አስተናጋጇን ሳይሆን ኃላፊውን። ምጣዱ አንዴ ከተጀመረ ለስምንት ሰው የሚበስል አንድ ምግብ ነው፤ ለአንድ ሰው ብሎ የሚቆም አይደለም።

አሁን ወደ ሱሺው። የእህቴ ባል ሂባቺ አልፈልግም ብሎ ሱሺ ብቻ ነው ያዘዘው፦ ሳልመን፣ ቱና፣ «ነጭ ቱና»፣ ካሊፎርኒያ ሮል። ሁላችንም ስንበላ እጁን አጣጥፎ እሳቱን ያይ ነበር። ሼፉ እጅ ነሥቶ ሄደ። ምጣዱ ተፋቀ። ያን ጊዜ ሱሺው መጣ።

አፍ ላይ ሲደርስ ሩዙ ቀዝቃዛ ነው፤ ፍሬው በጥርስ ሥር ይሰበራል። የተጠቀለለበት የባሕር ቅጠል እንደ ጎማ ይጎተታል። ቱናው የሐብሐብ ቀለም አለው፤ ከሥሩ ሳህኑ ላይ ውሃ አቁሯል። እነዚህ አራት ነገሮች ያጋጣሚ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ከጓዳ የሚመጣ ወሬ አለው።

ዛሬ የምናውቀው በእጅ የሚጨበጠው ሱሺ በ1820ዎቹ ኤዶ፣ ማለትም የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ውስጥ የተስፋፋ የመንገድ ዳር ምግብ ነው፤ ሃናያ ዮሄ የተባለ ሰው ስሙ አብሮት ይነሳል። ሻጩ ይጨብጣል፣ ገዢው ቆሞ ይጎርሳል፣ በመካከላቸው ጊዜ የለም። ሩዙ በኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው ተለውሶ የሰው ገላ ያህል ሞቅ ብሎ ነው የሚቀርበው። የተቀቀለ ሩዝ ፍሪጅ ሲገባ ውስጡ ያለው ስታርች ተመልሶ ይደራጃል፣ ውሃውን ያስወጣል፣ ይደርቃል፤ ያደረ ሩዝ በልቶ የማያውቅ የለም። ታዲያ ለምን ፍሪጅ ይገባል? ሩዝ በክፍል ሙቀት ሲቆይ ባክቴሪያ ያፈራል፤ ኮምጣጤው የሩዙን ፒኤች ከ4.6 በታች ካወረደው ግን አይራባም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የጤና ቢሮ ይህን ለመፍቀድ የጽሑፍ ዕቅድና በየዕለቱ የሚለካ መዝገብ ይጠይቃል። መዝገብ መያዝ የሰለቸው ቤት አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ ሩዙን ያቀዘቅዘዋል።

የባሕር ቅጠሉ ነገር አጭር ነው፤ እርጥብ ሩዝ ሲነካው በደቂቃዎች ይልማል። ጎማ የሆነ ቅጠል ሮሉ ተሠርቶ ባንኮኒው ላይ ተሸካሚ ሲጠብቅ እንደነበር ይመሰክራል። ውሃውም እንዲሁ። ሱሺ «ትኩስ ዓሣ» ነው የሚለው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ጥሬ የሚበላ ብዙ ዓይነት ዓሣ ጥገኛ ትሎቹ እንዲሞቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ለ15 ሰዓት በረዶ ውስጥ እንዲቆይ የአሜሪካ የምግብ መሥሪያ ቤት ያዛል፤ ቱናና አንዳንድ የእርባታ ዓሣ ብቻ ከዚህ ነፃ ናቸው። ነገር ግን እነሱም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ ነው የሚጓዙት። በረዶው ነውር የለበትም። ቀስ ብሎ በፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ዓሣ ሥጋው እንደ ጸና ይቆያል፤ ቅዳሜ ማታ ዓሣ አልቆ በጥድፊያ የቀለጠ ውሃውን ሳህን ላይ ይጥላል።

የሐብሐብ ቀለሙ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ቱና በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሲታከም ቀዩ ቀለሙ ይጸናል፤ ሳምንታት ቢቆይም አይጠቁርም። የአውሮፓ ኅብረትና ጃፓን ከልክለውታል፤ አሜሪካ ትፈቅዳለች። ጋዙ ራሱ በላተኛውን አይጎዳም፤ የሚወስድበት ዓይኑን ነው። የዓሣን ዕድሜ በቀለሙ የሚለይ ሰው እዚህ ዕውር ይሆናል።

«ነጭ ቱና» ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ኦሺያና የተባለው የውቅያኖስ ጥበቃ ድርጅት ከ21 ግዛቶች የሰበሰባቸውን 1,215 የዓሣ ናሙናዎች በዘረመል አስመርምሮ በ2013 ውጤቱን አወጣ። ከሦስቱ አንዱ በሐሰተኛ ስም የተሸጠ ነው። ሱሺ ቤቶችን ለብቻ ሲያያቸው 74 በመቶው። «ነጭ ቱና» ተብለው ከተሸጡት 84 በመቶው ቱና ሳይሆኑ ኤስኮላር የተባለ ዓሣ ናቸው። ኤስኮላር ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ሰው የማይፈጨው ሰም መሰል ዘይት ስላለው አብዝቶ የበላውን ሽንት ቤት ያመላልሰዋል። ጃፓን ከ1977 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። ማታለሉ የግድ የምግብ ቤቱ ላይሆን ይችላል፤ ከአስመጪው ወይም ከአከፋፋዩ ሊጀምር ይችላል። የእህቴ ባል ለማንኛውም ሁለቱንም ቁራሽ በላ፤ ያዘዘው እሱ ነው፣ ከፋዩም እሱ ነው።

ሸርጣኑም ሸርጣን አይደለም። ካሊፎርኒያ ሮል ውስጥ የሚገባው ቀይና ነጭ ዱላ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጭቶ የተጋገረ ነጭ ዓሣ ነው። ሸርጣን የማይበሉ ዘመዶቻችን ይህን ሰምተው ይጽናናሉ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ለማጣበቂያ የእንቁላል ነጭ፣ ለጣዕም ጥቂት የሸርጣን ጭማቂ ስለሚገባበት መጽናናቱ አጭር ነው። አረንጓዴው ዋሳቢም በአብዛኛው ቤት ነጭ የሚያቃጥል ሥር፣ ሰናፍጭና ቀለም ነው፤ እውነተኛው ሲፈገፈግ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ለብዙ ጠረጴዛ አይበቃም። ይህኛውን ይቅር ብያለሁ።

ቁርጥ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው የሚያናድደኝን ነገር ወዲያው ይረዳዋል። እዚያ ብልቱ ፊት ለፊትህ ተሰቅሏል፤ ሽንጡን ወይ ታናሹን በጣትህ ታሳያለህ፤ ሥጋ ቆራጩ ዓይንህ እያየ ይቆርጣል፤ ጥሬ የሚበላ ሰው ሌላ ዋስትና የለውም። ሱሺም በባንኮኒው ላይ ሲበላ እንዲሁ ነው፤ ዓሣው መስታወት ውስጥ ነው፣ ቢላው ከአንተ አንድ ክንድ ይርቃል። እኛ ግን የተቀመጥነው ሂባቺው አዳራሽ ውስጥ ነው። ምንም የማይደበቅበት የሚመስለው ቤት ዓይናችንን እሳቱ ላይ አስሮ፣ ጥሬ የምንበላውን ከጀርባችን አስቆርጦ አመጣልን። መታየት የሚገባው የትኛው እንደነበር ያከራክራል?

ሁለቱ ሙያዎች አንድ ጣሪያ ሥር የገቡት ለባለቤቱ ስለሚመች ነው። የሱሺ ባንኮኒ ምድጃና ጭስ ማውጫ አይፈልግም፤ ጥቂት ቦታ ይይዛል፤ ባሩ ላይ ለሚጠብቀው ሰው ይሸጣል፤ ወደ ቤት ለሚወሰደውም ይመቻል። ግን ሰዓታቸው አይገጥምም። ምጣዱ የሚሠራው በዙር ነው፤ ሼፉ መጥቶ እስኪሄድ ያለው ጊዜ ይታወቃል። ባንኮኒው የሚሠራው በተራ ነው፤ ቅዳሜ ማታ አንድ ወይም ሁለት ሰው የአዳራሹን፣ የባሩንና በስልክ መተግበሪያ የታዘዘውን ወረቀት በመጣበት ቅደም ተከተል ይጨብጣሉ። የኛ ትእዛዝ ወረቀት ከማሽኑ ስትወጣ ከፊቷ ስንት ወረቀት እንደተሰካ የምጣዱ ሼፍ አያውቅም፤ የሱሺው ሰው ደግሞ ምጣዱ መጀመሩን አያውቅም። ሁለቱን የምታገናኘው አስተናጋጇ ነበረች፤ እሷ ግን አምስት ጠረጴዛ ነበራት። ስለዚህ ሂባቺ ቤት ውስጥ ሱሺ የሚያምረው ሰው ባሩ ላይ እየጠበቀ ሳለ አዝዞ ይብላው። ከዚያም የሚሻለው ማክሰኞ ማታ ብቻውን ሄዶ ባንኮኒው ላይ መቀመጥ ነው።

የዋሸሁ እንዳይመስል አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ታናሽዬው ዶሮው ሁለቴ ቢጠበስበትም የዕድሜው ምርጥ እራት ነው ብሏል። የተመራቂዋም ስም በከበሮ ተጠርቶ፣ የተጠበሰ አይስክሬም ላይ ሻማ በርቶላት ደስ ብሏት ወጣች። አኦኪ የሸጠው ይህን ነው፤ ዛሬም ይሸጣል፤ በ2024 ቤኒሃና የተሸጠው በ365 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሼፉ ፈገግታውን ሳያጎድል ለሁለት ጠረጴዛ ሠርቷል፤ ገንዘብም ይገባዋል። የሚደርሰው መሆኑን ነው የማላውቀው። ሂሳቡ ሲመጣ ለስድስት ሰውና ከዚያ በላይ 18 በመቶ ተጨምሮበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ለተጨማሪ ጉርሻ ባዶ መስመር አለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሳያይ ሁለተኛውን ይሞላል። ከ2014 ጀምሮ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት እንዲህ በግዴታ የሚጨመረውን እንደ ጉርሻ አይቆጥረውም፤ የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ገቢነቱም የቤቱ ነው። ለሼፉ የምትሰጡት ካለ በእጁ ስጡት።

ኃላፊውን አስጠርተን የሆነውን ሁሉ ነገርነው። ጨዋ ሰው ነው፤ አልተከራከረም። የሱሺውን ዋጋ ግማሽ ቀነሰ፤ ለእናቴ ነጠላ በሶዳ ውሃ የራሰ ፎጣ አመጣ። ሲሸኘን ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ 20 በመቶ የሚያስቀንስ ካርድ ሰጠን። መኪና ውስጥ ገብተን መብራት አብርቼ ጀርባውን አነበብኩት፤ ካርዱ የሚሠራው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው።